ውኃ ልክ

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሁለት መቶ ሦስት፣ ምድር ቤት፤
ለሱቅ የተሠራ ክፍል፣ ሱቅ ያልገባበት።
ገና ስገባ ዓይኔ ወለሉ ላይ ወደቀ፦
በሩ ጋ አንዱ ሴራሚክ ሁለት ሚሊ ከፍ ብሏል።
ማን ይሆን ያነጠፈው?
ዝም አልኩ። ለሥራ አልመጣሁም።

እናቱ ቂሊንጦ ፈረቃ ገብታለች፤
እኔ ፈረምኩ።
ስሙ አይጻፍም አሉ፣ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤
ኢዮስያስ አርባ ሰባት ሆነ።

ልጅቷ ትንቢት ትባላለች። ታብሌቱን አጋድማ
እንዳይንሸራተት ጎማ አደረገችለት ከሥሩ፤
“ጨዋታ ነው” አለች፣ “ፈተና አይደለም፤
ብርቱካኑን በጣቱ እየገፋ ጦጢትን ያጎርሳታል።
እኛ የምናየው ጣቱን ነው፦
አነሳሱን፣ የት እንደሚቸኩል፣
ሊደርስ ሲል ይለዝብ እንደሆን
ወይስ እንደ ተለቀቀ ድንጋይ ይወድቅ እንደሆን።
ኦቲዝም ከአፍ ቀድሞ እጅ ላይ ይታይ ይሆናል።
ይሆናል ነው ያልኩት።”
ለዚህች ቃል ወደድኳት።

እስከ ዛሬ የሰማሁት ሁሉ “ይሆናል” የለውም፤
“ልጅህ ልክ አይደለም” አለኝ ያከራየኝ ሰውዬ፣
“ልክ አይደለም” አለች መዋለ ሕፃናቱን የከፈተችው፣
ልክ አይደለም፣ ልክ አይደለም፤
ሃያ ዓመት ውኃ ልክ በብብቴ ይዤ የዞርኩ ሰው
ልክ ማለት ምን እንደሆነ እነሱ ፊት ጠፋኝ።

ተቀመጠ። ስድስት ዓመቱ ነው።
ብርቱካኑን አላየውም።
ጦጢት ጮኸች፣ አጨበጨበች፣ አፏን ከፈተች፤
እሱ የታብሌቱን ስንጥቅ አገኘ፦
ከቀኝ ጥግ የምትነሳ፣ ፀጉር የምታህል፣
ሁለት ቦታ የምትታጠፍ።
በጣቱ ጫፍ ያዛት። ሄደች፣ ሄደ፤
ታጠፈች፣ ታጠፈ፤
ስታልቅ ቆመ፤ ደግሞ ተመለሰባት።
አሥራ አንድ ጊዜ። ቆጥሬያለሁ።
እኔ ፉጋ ስሞላ እንኳ እጄ እንዲህ አይታመንም።

ታብሌቱ ግን በቀይ ጻፈ፦ ዒላማውን አልነካም።
ትንቢት እስክሪብቶዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፤
“ስንጥቁን መሣሪያው አያውቀውም” አለች፣
“እኔ ግን አየሁ። የቱ ሳጥን ውስጥ ልጻፈው?”
እኔን የጠየቀችኝ መሰለኝ፤
መልስ አልነበረኝም።

ስንወጣ በሩ ጋ ቁጢጥ አለ፤
ጣቱን በሴራሚኩ መጋጠሚያ ነዳው፣
ነዳው፣
እዚያች ሁለት ሚሊ ላይ ሲደርስ ቆመ።
ቀና ብሎ አላየኝም። ማየት አይወድም።
እኔም ጎንበስ ብዬ ጣቴን ከጣቱ አጠገብ አኖርኩ፤
ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ፣ አልተነሣንም።

ለሐሙስ ተቀጥረናል።
ያልተሰነጠቀ ታብሌት አመጣለሁ ብላለች ትንቢት፣
ጽሕፈት ቤቱ ቃል ገብቶላት።
“እሺ” አልኳት፤
“የተሰነጠቀውንም አብረሽ አምጪው።”