የተረፈች ብሎን

ስሎቬኒያ፣ ክርካ ወንዝ ዳር፤ ፖሙ ቅጠል ጥሏል።
አሎይዝ ጋራዥ ውስጥ ሸራ ተዘርግቷል፤
የጓሮ ትራክተር፣ እንደ ቅርጫ በሬ፣
በየብልቱ ወጥቶ መደብ ተደልድሏል።
ካርቡራተሩ በጣሳ፣ ላምባ ውስጥ ጠልቋል፣
ቀበቶው ሚስማር ላይ ጅራፍ መስሎ ውሏል።

እኔ ቁልፍ አቀባይ፤ ቋንቋችን ቁጥር ነው።
«አሥራ ሦስት» ይለኛል፤ አሥራ ሦስት ይኸው።
«አሥራ ሰባት» ይላል፤ አሥራ ሰባት ይኸው።
የቀረውን ደግሞ አንገት ይወዝውዘው።

ቀዩን ቀለም ስንፍቅ በብርጭቆ ወረቀት
አረንጓዴ ወጣ። ካረንጓዴው በታች
ሰማያዊ። ከዚያ ብረቱ ላይ፣ በሚስማር ጫፍ የተጫረች
አንዲት ስም፦ ዝዴንካ።
መነጽሩን አወለቀ።
«ማናት?» ብዬ አልጠየቅኩም፤
ቁጥር አይደለችማ።

ሦስቴ ቀይ ስንነፋ እሷን በፕላስተር ሸፈናት፤
ሲደርቅ ቀስ ብሎ ላጠላት።

ሚያዝያ ላይ ገጠምን። ሁሉም ቦታውን ያዘ፤
አንዲት ብሎን ተረፈች።
ብንዞር ብንጎነበስ ቀዳዳዋን አጣን።
ገመዱን ሦስቴ ሳበው፤ ዝም።
በአራተኛው አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣
የሚልካ ዳክዬዎች አጥር ጥሰው ጠፉ።

አሎይዝ ብሎኗን መዳፌ ላይ ጣለና
«አሥር» አለኝ።
የብሎኗ ልክ ይሁን
ወይስ የሥራችን ማርክ፣
እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤
ኪሴ ውስጥ ግን ከቤት ቁልፌ ጋር
ታቃጭላለች።