የዕዳዬ ጥርስ

በሁለት ሺህ አምስት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣
የመብራት መላጊያ ከአራዳ ላመጣ፣
ሠላሳ ሺህ ብር ከቁጠባው ማኅበር
ተበድሬ ነበር። አልዋሽም፣ ወስጄ ነበር።
ዋስ የሆነኝ ሸምሱ፣ የዋንዛ ነጋዴ፣
«ፈርም እንጂ» አለኝ፣ «አንተ'ኮ ዘመዴ።»

መላጊያው ሠራልኝ፣ ዘጠኝ ወር ከምናምን።
በዐሥረኛው መብራት ሄዶ መጣ፤ ሳናምን
ሞተሩ ጨሰና ቤቱን ክርፋት ሞላ፤
አራት ወር ከፈልኩኝ፣ በርጩማ ሸጬ። ኋላ
አልከፈልኩም። ይኸው። ሰው ያለውን ይላል፤
ሌላ የሚል ካለ ራሱን ያታልላል።

ማኅበሩም ከሰመ፤ የብረት በሩ ላይ
የስልክ ካርድ ተለጥፎ፣ እያየሁ ሳላይ
አልፋለሁ በባጃጅ። በልቤ እንዲህ አልኩኝ፦
«አበዳሪው ሞቷል፤ እኔ ግን አለሁኝ።»

ዕዳ ግን መቃብር የለውም መሰለኝ።
በጅምላ ሸጠውት ኖሯል፤ ማን ነገረኝ!
የሟቹ፣ የሸሸው፣ የከሰረው፣ የኔ፣
ባንድ ጆንያ ታስሮ፣ ምንም ሳይሰማው ጎኔ፣
ከመቶ ስድስት ብር፣ ሰባትም ሳይሞላ፣
እንደ ውዳቂ ቡን ተገዛ በሌላ።
ስድስት ሳንቲም ከሆነ ስሜ ካንዱ ብሩ፣
ለኔው ቢሸጡልኝ ምን ነበር ችግሩ?

ዘንድሮ ቦሳ ቂጦ ያለ ትምህርት ቤት
መቶ ሠላሳ ዴስክ አዘዘኝ። ደስ ይላል፤ ግን በምን ጉልበት?
እንጨት በምን ልግዛ? ሄድኩኝ ወደ ባንኩ፣
ሸሚዜን ተኩሼ፣ ከጣቴ ሙጫውን እየላጥኩ።

ኢፍቱ የምትባል ልጅ ኮምፒውተሯን ነካች፤
ቀና አለች፣ ዝቅ አለች፣ እንደገና ነካች።
«ጋሼ ነዚፍ» አለች፣ «ሁለት ዕዳ አለብዎ።»
«አንድ ነው» አልኳት። «ሁለት ይላል፤ ይዩት ራስዎ።»
አንዱ በማኅበሩ፦ ያልተከፈለ፣ ድሮ።
አንዱ በገዢው ስም፦ ያልተከፈለ፣ ዘንድሮ።
ያው አንዱ ዕዳዬ፣ ወለዱን ደራርቦ፣
ትናንት እንደተወለደ ከስሜ ሥር ቀርቦ።

አባቴ አባዋሪ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ
ከብት ይደልል ነበር፣ ከጭቃ ጋር ሲማታ።
ቀንዷን ቅቤ ቀብተው፣ ጭራዋን አጥበው
ሲያመጧት፣ እሱ ግን ከንፈሯን ገልጦ ነው
ዕድሜዋን የሚያነብ። «በዐሥር እጅ ብትሸጥ
ላሚቱ ጥጃ አትሆን፤ ጥርሷ አይለወጥ።»

ይህን ለኢፍቱ ብነግራት፣ መጀመሪያ ሳቀች፤
ቀጥላ ግን ዝም ብላ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች።
«መክፈል ያቆሙት መቼ ነው? እውነተኛው ቀን የቱ?
ገዢው የጻፈው'ኮ የገዛበትን ነው» አለች ኢፍቱ።

ማታ የሚስማር ሣጥን ሥር ፈልጌ፣ ፈልጌ፣
አይጥ የቀመሳት ደረሰኝ አገኘሁ፤ አቧራዋን ጠርጌ
አነበብኩ፦ ኅዳር ዐሥራ ሰባት፣ ሁለት ሺህ ስድስት።
ይህች ናት የዕዳዬ ጥርስ። ይህች ናት።

ኢፍቱ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፦ «አንድ ነው፤ ሁለት አይባል፤
ሽያጭ ቀን አያድስም፤ ይታረም» ይላል።
መልሱ ገና አልመጣም።
                                ነገሩን ለሸምሱ እየሳቅኩ ነገርኩት፤
እንጨቱን ሲለካ ሜትሩን ይዤለት።
«እኔንም» አለኝ፣ «አይሱዙ ልገዛ ስል፣ ሦስት ዓመቱ ነው፣
ባንተ ዋስትና መልሰውኛል።» ሜትሩ ከእጄ ወደቀ፤ አነሣው።
«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»
                                «ብነግርህ ትከፍል ነበር?»
ዝም አልን። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ መንቆርቆር።

ዋንዛውን ጫነልኝ፣ በዱቤ፣ ሳልለምነው።
ደብተሩን አወጣ፤ እርሳሱን በምላሱ አራሰው፤
ስሜን አልጻፈም። ቀኑን ብቻ ነው የጻፈው።