ሙሉ ፊት

ላይፕሲግ፤ የመጋቢት ብርድ፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት።
የትራሙን በር ስከፍት፣ ከዋናው ጣቢያ ፊት፣
ቀድሞ የገባው ክንፍ፣
ቀጥሎ ጅራት፣ ቀጥሎ ሰይፍ።
(ሰይፉ ስፖንጅ ነው፤ በሩ ሲነካው አየሁት ሲታጠፍ።)

ይኼን መስመር፣ ዐሥራ ስድስትን፣ ስነዳ ሃያ ሁለት ዓመቴ፤
ሰካራም አውርጃለሁ፤ ምጥ የያዛት አድርሻለሁ፣ ሲጸልይ አንደበቴ፤
የመጻሕፍቱ ባዛር ሲከፈት ግን፣ በዓመት ሦስት አራት ቀን፣
ከሌላ ዓለም የመጡ ይሳፈሩብኛል፣
ትኬት ቆርጠው፣ በወጉ፣ እንደ ማንኛችን።

ጉድሩን አለች፤ ሰባ አንድ ዓመቷ፤ ጡረታ የወጣች የሂሳብ መምህር፤
ተሽከርካሪ ወንበሯን በካርቶንና በብር
ወረቀት ለብጣ መርከብ አድርጋዋለች፣ የጠፈር።
መወጣጫውን ስዘረጋ፣ "ለማረፍ ፈቃድ!" ትለኛለች፤
እፈቅዳለሁ፤ ታርፋለች።

ሁለት ነገሥታት አሉ፤ ዘውዳቸው ቆርቆሮ፤ አንድ ካባ ለሁለት፤
አንዱ የሌላውን ዘውድ ያቃናል፣ እያየ በመስኮቱ መስተዋት።

ቶርበን አለ፤ ቃል ካፉ አይወጣም፤ ከልጅነቱ እንዲሁ ነው።
ከራሱ በላይ በሽቦ የቆመ ነጭ አረፋ አለው፣
በሥዕል መጽሐፍ ሰው ሲናገር ቃሉ የሚሰፍርበት ዓይነት፤
ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል፤ ጣቱ ሁሉ ጥቁረት።

ተቆጣጣሪው መጣ። "ዛሬ ደግሞ ምን ሰርከስ ነው?" አለ፣ ከንፈሩን ጥሎ።
ቶርበን ትኬቱን አሳየ፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ነቅሎ
"ያንተም ልብስ ያምራል፤ ማንን ሆነህ ነው?" ብሎ
ጻፈ ባረፋው። ትራሙ በሣቅ ተናወጠ።
ሰውየው የደንብ ልብሱን አየ፤ ቆየና እሱም ገለፈጠ።
እኔም ሰማያዊ ኮቴን አየሁ፤ ማን ይሆን ይኼን የመረጠ?

ልብ ወለድ ለኔ እንግዳ አይደለም።
በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የክር ማሽን ልማር የመጣሁባት አገር
አንድ ማለዳ ከካርታ ጠፋች፤
እኔ ግን አለሁ፣ ከነሻንጣዬ፣ በዚያችው ከተማ ዳር።
ከዚህ ወዲያ የሚደንቅ ካለ ይነገር።

በሥዕል የሚነገር ተረትም አውቃለሁ። አጎቴ አለቃ ደምፀ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ
በሣጥን በሣጥን ከፍለው ሲሥሉ፣
ቀለም በጥባጭ ነበርሁ፣ የማይከፈላት እንግዳ።
"ጻድቁን በሁለት ዓይን" ይሉኝ ነበር፣ "ሙሉ ፊቱን ስጪው፤
ኃጥኡ ግን በጎን ነው፣ ባንድ ዓይን፤ ተመልካቹን እንዳያየው።"

ኋላ፣ ጀርመንኛ ልማር ብዬ፣ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ
የሥዕል ቅጾች ገዛሁ፣ በኪሎ፣ እንደ ማገዶ ግንድ፤
የኔ ቢጤው አለ፤ ከጀርባ፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ በጎን፣ በዓይን አንድ።
አረፋ የለውም።
አንዲት ቃል እንኳ፣ ላመል፣ ለጉድ።

ዛሬ ከኋላዬ ተቀምጣ፣ ማይ ላን የምትባል ልጃገረድ
(አያቷ ከሃኖይ መጥተው እዚያው ፋብሪካ ፈትለዋል፤ ኋላ ነገረችኝ)
ደብተሯን በጉልበቷ ይዛ፣
ሐዲዱ ሲያንገጫግጨን መሥመሯ እያነከሰ፣ ትሥላለች።
ከኋላ ላለ ሰው ሾፌር ግማሽ ጉንጭ ነው፣ አንድ ጆሮ።
መጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ ሁሉም ሲወርድ፣ ገንጥላ ሰጠችኝ።

ካፒቴን ነኝ። ትራሙ በሕዋ ላይ፤ ሐዲዱ የኮከብ ዱቄት፤
ሽበቴን አልደበቀችም፣ ያገጬን ጠባሳ፣ የጥርሴን ፍንጭት፤
ዓይኖቼም ሁለት።
"አንዱን ከየት አመጣሽው?" ስላት፣
"በመስተዋትዎ አየሁት።"

አረፋው ባዶ ነበር። "ቃልዎን አላውቅም፤ ራስዎ ይሙሉት።"
የሚኒባስ ረዳት ቃል ነው የመጣልኝ፤ በኛው ፊደል ጻፍሁት፦
"ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ገና ቦታ አለ።"
ቅንድቧን ሰቅላ፣ "የየትኛው ፕላኔት ጽሕፈት ነው?" አለች።
"የዚችው" አልኋት።

ስመለስ ትራሙ ባዶ ነው፤ ወለሉ ላይ አንድ ላባ።
ቀይ መብራት ያዘኝ። መስተዋቱን ቀና ብዬ አየሁ፤
ሳላስበው፣ "ለማረፍ ፈቃድ" አልሁ።
የመለሰ የለም።
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።