ፌሮው አይቆረጥ

ከለገጣፎ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጫማ ነጥቆ ሲያስቀር የሐምሌ ጭቃ፣
ከገብሱ ማሳ ጋር አጥር ተጋርተን
ሁለት ክፍል ሠራን፣ ሦስቱን አቆይተን።

ፕላኑን ያስነደፈች እልፍነሽ ነበረች፤
ነጠብጣቡን መስመር በጣቷ እያሳየች፣
«እዚህ ጋ በር ይውጣ፤ ለጊዜው ድፈነው፤
ሲሚንቶ አታብዛበት፤ ነገ ነው የምንከፍተው።
ፌሮውንም ከጎን አትቁረጥ፤ ተወው።»

አራት ክረምት ሄደ። ፌሮው ዝጎ ቆሟል፤
ካልሲ ይሰጣበታል፣ ቁራ ያርፍበታል።
ጓንጉል ካጥሩ በላይ ብቅ ይልና
«ቤታችሁ ጢም አወጣ፤ ምላጭ ላውሳችሁ?» ይለናል።
እኔም አንዳንዴ ሳየው፣
ቤት ያልመታ ስንኝ ይመስለኛል።

አንዱ ነጠብጣብ ክፍል፣ ምሥራቁን የሚያየው፣
ስም ወጥቶለት ነበር። ስሙን አንጠራውም።
እልፍነሽ እዚያ ላይ ድንች ተከለች።

ሰኞ ለት የእኅቷ ልጆች መጡ፤ ሦስት ናቸው፤
በገመድ የታሰረ አንድ ፍራሽ አላቸው።
ምንም አልጠየቀች።
ቀሚሷን ሸብ አርጋ መዶሻ አነሣች፤
አንዴ፣
ሁለቴ፣
እልፍነሽ ቤት መታች።

ብሎኬቱ ተንዶ መደቡ ላይ ወደቀ፤
የገብስ ሽታ ገባ፤ አቧራው በብርሃን ደመቀ።
ትንሿ ልጅ ራሷን በቀዳዳው አውጥታ
«እዚህስ ምንድን ነው?» አለች፣ ቅጠሉን አይታ።
«እልፍኝ» አለቻት።
«ድንቹ እስኪደርስ ግን ዳር ዳሩን ርገጪ።»