ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር

ሲሌዢያ በረዶ ነው፣ ከሰል ያጠቆረው፤
ሚኒስትሩ ትናንት ከማዕድኑ ደጃፍ ቆሞ የተናገረው
በጋዜጣ ወጥቷል፣ ገጽ ሙሉ፣ ከነፎቶው።

ቦጉሚላ ጡረተኛዋ፣ የሰዋስው መምህር፣
ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ ከሾርባው ሳህን ዳር፤
ሁለት እርሳስ ቀረጸች፣ ቀይና አረንጓዴ፣
ልታርመው እንደ ደብተር፣ በዚያው በዱሮው ዘዴ።

«ጉድጓዱ ተዘጋ።» ማን ዘጋው? አይልም።
«ሠራተኛው ተቀነሰ።» ቀናሹ አይታይም።
«ስህተትም ተሠርቷል።» እንደ ጉም ከወንዝ ላይ፣
ያለ እጅ፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ ማንም ጉዳይ።

በፖላንድኛ አድራጊው ሲሸሽ በግሡ ጅራት ነው፣
ሁለት ፊደል አስቀጥሎ ሹልክ ብሎ የሚወጣው፤
በኛ ግን ከፊት ነው፣ ከራስጌው፣
አንዲት «ተ» ናት በሩን ከውስጥ የምትዘጋው።
(በቀደም «ብርጭቆው ተሰበረ» አልኩ፤
እኔው ነኝ የሰበርኩት፤ ማን ልበለው?)

«እኛ»ን በአረንጓዴ ከበበች። ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት።
«ቀበቶ እናጥብቅ» በሚለው እኛ ውስጥ እሷም አለች፣ አሉ ጎረቤት፤
«ወስነናል» ያለው እኛ ግን ጠባብ ነው፦ ሦስት ወንበር፣ አንድ ክፍል፣
ከሰል ያልነካው ጥፍር፣ ሻይ የሚያማስል።

ከታች አንድ መስመር ላይ እርሳሷ ዝም አለ፦
«በረጅሙ ጉዟችን መሥዋዕትነት ተከፈለ።»
በኅዳጉ ጻፈች፦ ባለቤት የለውም።
ቃሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷም ባለቤት የላትም፤
ኤርቪን ከምድር ሥር ቀረ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
የራስ ቁሩ መብራት በርቶ፣ ሳይከፈት የምሳ ዕቃ።
የካሣው ደብዳቤ «አደጋ ደረሰ» ነበር ያለው፤
አደጋ እግር እንዳለው፣ ሰፈር ጠይቆ እንደሚመጣ ሰው።

እርሳሱ ዶለዶመ። መቅረጫ ፍለጋ መሳቢያውን ስትስብ
አንድ ቃለ ጉባኤ ወጣ፣ ቢጫ፣ ገና የሚነበብ፦
«መምህርት ሉድቪካ ከሥራ ተሰናበተች።»
የእጅ ጽሑፉ የራሷ ነው፤ ያኔ ጸሐፊ ነበረች።
እጇንም አውጥታ ነበር። ከሁሉም ቀድማ አወጣች።

ብዙ ቆየች።
ጋዜጣውን ወደ ጎን ገፋችው፣ ከነሚኒስትሩ፣ ከነፎቶው፤
ቃለ ጉባኤው ነው አሁን ሳህኑ አጠገብ ያለው።
ቀዩን እርሳስ ይዛ የግሡን ጅራት ቆረጠች፤
ከፊት፣ በባዶው ቦታ፣ «እኔ» ብላ ጻፈች፤
ፊደሉ ተንጋደደ፤ አላረመችውም፤ ተወች።
ከዚያ ሾርባውን አሞቀች።