የሚከተል ቤት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ፣
ካርታ ዘርግቼለት፣ ከረሜላ ልጬ፣
ቤታችን ከኋላ ሲከተል በዝምታ፣
ዞሬ አይቼው አላውቅም አንድ ቀን ለአፍታ።

አምና ክረምት የኢድዋል ዓይን መሐሉ ላይ ደከመ፤
ዳር ዳሩን ያያል እንጂ ፊት ለፊቱ ጨለመ።
የአጥሩን ጫፍ ያያል፣ የበጉን አንድ ጆሮ፤
የእኔ ፊት ግን ለእሱ ጭጋግ ነው ዘንድሮ።
ሐኪሟ «መንጃ ፈቃድህን መልስ» ያለችው ዕለት፣
ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አኖረው ከስኳሩ ዕቃ ፊት።
አልተናገረም። እኔም ሣህን አነሣሁ።
ቁልፉንም አብሬ። እንዴት እንደሆነ ዛሬም ረሣሁ።

ባላ ትባላለች የዌልስ ኮረብታ ከተማችን፣
ዝናብ አይጠማትም። እዚያው ከግቢያችን፣
ባላና ወጋግራ ሆነን፣
መኪናና ካራቫን አጋጠምን።
እሱ በእጁ ያያል። የጋንቾውን ኳስ ዳሰሰ፣
ቅባቱን አሸተተ፣ በጣቱ አበሰ።
«ሲገጥም ቀጭ ይላል፤ ቀጭ ካላለ አልገጠመ።
ጆሮሽን እመኚ፤ ዓይን እንደሁ ይኸው ቀደመ።»

ቀጭ አለ።

«ከባዱን መሬት መሬት፣ ከጎማው አክሰል በላይ፤
ጅራቱን አትጫኚ፣ ይወዛወዛል ነፋስ ሲያይ።»
የአንገቱን ሸክም ለካን በመታጠቢያ ቤት ሚዛን፤
ሰባ አምስት ኪሎ! «አንቺን አከለ» ብሎኝ ሳቅን።
ቀጭኗን የፍሬን ገመድ፣ «አትርሺ» አለ «ይቺን፣
ጋብቻው ሲፈርስ እሷ ናት የምታስቆመው ቤቱን።»
ጌሬንት ከኋላ ቆሞ፣ ዝናብ እያረሰው አናቱን፣
«ግራ!» ይላል፣ «ቀኝ!»፣ «ስቶፕ!»፣ ፍሬቻውን፣ መብራቱን።
ስፖኪዮ ላይ ስፖኪዮ ቀጥለን መኪናዋ ጥንቸል መሰለች፤
ማርሽ አስገባሁ። አልጋዬ፣ ምድጃዬ፣ ድስቴ ተነሡ፤ አገር ተንቀሳቀሰች።

ከኋላዬ አሥራ አራት መኪና፣ ትራክተር ሳይቀር ተሰልፎ፣
ቦታ ሳገኝ ጥግ ያዝኩ፤ አንዱ እጁን አውለበለበ፣ አንዱ ሰደበኝ አልፎ።

ወደ ደሴቲቱ ድልድይ ላይ፣ ባሕሩ ከታች ሲገማሸር፣
ወተት የጫነ ቦቴ አለፈን፣ እንደ ተነቀለ አጥር።
ነፋሱ ገፋን። ከዚያ ሳበን። ከዚያ ቤቴ ከኋላ
ግራ። ቀኝ። ግራ። የሚከተለኝ መሆኑ ቀረ፤ የሚጎትተኝ ሌላ።
«ፍሬን!» አለ እግሬ። «ፍሬን!» አለ ልቤ፣ አጥንቴ።
ትናንት ማታ ግን ኢድዋል፦ «ያኔ አትንኪው፣ እመቤቴ፤
ነዳጁን ብቻ ልቀቂ። መሪውን ያዢው፣ አትታገዪው።
ራሱ ይደክመዋል፤ እንደሚያለቅስ ልጅ እዪው።»

እግሬን አነሣሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ትንፋሼን ውጬ፣
መሪውን ቀጥ አድርጌ፣ እንደ እንቁላል ጨብጬ።
ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ጅራቱ ሰከነ፤
ቤቴ እንደገና ቤት ሆነ።

ያኔ ዞር ብዬ ባየው፣ ኢድዋል፣ መምህሬ፣
የሌለ ፍሬን ረግጦ ኖሯል በሁለት እግሩ፣ እንደ በሬ!
አልነገርኩትም። «ወዘወዘ እንዴ?» አለኝ፤ «ትንሽ» አልኩ።
ከረሜላ ልጦ ሰጠኝ፤ ዝም ብዬ ጎረስኩ።

ማደሪያው ስንደርስ ደግሞ፣ ወደ ኋላ ሲባል፣
ቤቱ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፤
እልኸኛ ባል ያገባች ሳይነገራት ይገባታል።
ሆኖም ሰባት ጊዜ ሳትኩ። በስምንተኛው ኔስታ የምትባል ልጅ መጥታ፣
«ነይ! ነይ! ነይ! ቁሚ!» አለችኝ፣ እንደ ወደብ አለቃ እጇን ዘርግታ።

እግሮቹን አወረድኩ፣ ጎማውን በእንጨት ደገፍኩ፣ ገመዱን ፈታሁ።
እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያኔ ነው። ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ።

ኢድዋል ግድግዳ እየዳሰሰ ገባ። ትልቁን መስኮት ከፈተ።
ጆሮውን አዘነበለ። አየሩን አሸተተ።
«ሜርወን፣ ባሕሩ በየት በኩል ነው? አልሰማሁትም» አለ።
ቀና ብዬ አየሁ። ቤቱን ገልብጬ አቁሜው፣ ትልቁ መስኮት አጥር ላይ ውሏል፤ ባሕሩ ከጀርባ ቀርቷል፣ እዚያው እንዳለ።

«በሽንት ቤቱ መስኮት» አልኩት።

ሳቁ ቤቱን ወዘወዘው።
አልነካሁት።