የግራው በር ስርጉድ

ከሳኦ ፓውሎ ወጣ ብሎ፣ ከከባድ መኪኖች መንገድ ዳር፣
ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መኪና ያዋልዳል ኦዳይር።
ብየዳ የለ፣ እሳት የለ፣ ላሜራ የለ የሚቀጠቀጥ፤
ፎርማው እንደ ገበቴ ተንጋሏል፣
ሆዱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጥ።

መጀመሪያ ሰም ነው፤ ሰባት እጅ፣ በለስላሳ ጨርቅ።
ሰም ሲነሳ ወርቅ የሚጠብቅ ጆሮዬን ይዤ ብመጣ፣
እዚህ ሰም ሰም ነው፤
ቅጂው ከእናቱ ሆድ ሳይጣበቅ እንዲወጣ።

ከዚያ ቀዩ ቀለም፣ ከዚያ የመስታወት ክር ምንጣፍ፣
ከዚያ ሙጫው፣ ዓይን የሚያስለቅስ፤
ከዚያ አየሩን በሮለር ማሳደድ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
«አረፋ ውስጡ ከቀረ እንደ ውሸት ነው» ይላል፣
«አንድ ቀን ፀሐይ ያፈነዳዋል።»

ሲነጋ በጠርዙ ውሃ ያንቆረቁራል፣
የእንጨት ሽብልቅ ይሰካል፣ ጆሮውን ደቅኖ ይቆረቁራል።
ጧ!
አራት ሰው የሚያነሳው ቀይ ቅርፊት።
አሮጌ ቮልስዋገን፣ ልብሱን የገፈፉት፣
ጥግ ላይ ይጠብቀዋል።

ታዲያ በግራው በር፣ ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣
መዳፍ የሚያስገባ ስርጉድ አለ።
ፎርማው ላይ እብጠት ነው፤ ሲወለድ ይሰረጉዳል።
በአርባ አንዱም ላይ አለ።

እናቲቱን መኪና፣ የብረቷን፣ ከዶና ዙሌይካ
ለሦስት ሌሊት ተውሶ ነው ፎርማውን የቀዳባት፤
ባሏ አንሴልሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
በሠርጋቸው ማግስት ቁልፉን ውስጥ ረስቶ
በጉልበቱ የመታት።
«በስቱኮ ልድፈነው?» ቢላት፣
«ተወው» አለችው።
ተወው።

ገዢዎች ያጉረመርማሉ።
አንድ የጥርስ ሐኪም ከዋጋው ቀንሶ ከፈለ።
ኦዳይር ትከሻውን ሰበቀ፤
«ዘር ነው» አለ።

ባለፈው ሰኔ፣ በብርዱ፣
የብረቷ መኪና ለዕዳ ተሸጣ፣ በመርከብ ተጭና ከሄደች በኋላ፣
አሮጊቷ በአውቶቡስ መጣች።
አርባ ሁለተኛው ገና መስኮት የለው፣ መሪ የለው።
ዞረችው። በጣቷ አንኳኳችው፤
የባዶ ቅል ድምፅ ነው ያለው።
«ፕላስቲክ!» አለች፣
ሳቅ ይሁን ቁጣ ባልለየለት ቃና።
ከዚያ ወገቧን ይዛ ጎንበስ አለችና
መዳፏን ስርጉዱ ውስጥ አሳረፈች።

ላሜራው ሁሌ ይቀዘቅዝ ነበር፤
ይሄ ከፎርማው የወጣው አሁን ነው፣ ገና ይሞቃል።
አልነገረችንም ምን እንዳለ እጇ።

ኦዳይር ብሩሹን ሊያጥብ ዘወር አለ፤
የተረፈው ሙጫ በባልዲው ውስጥ
መጠንከር ጀምሯል።